የማስገር ደንቡም ይመዘን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ውቅያኖስ ዓሣ ሀብት አስተዳደር ከጻፍኩ ወዲህ ከሐዋሳ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። የሕጋችንን ቁጥር ስጠቅስ ካልሆነ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባሕር የሌለን ሰዎች ነን። የውቅያኖስ ዓሣ ጉዳይ ለእኛ ምን ይረባናል? (ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

በጣም ይረባናል። ሌሎች በትልቁ ተሳስተው፣ ውድ ዋጋ ከፍለው የተማሩትን እኛ ሳንከፍል ማግኘት እንችላለንና። ከካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከኒውፋውንድላንድ ባሻገር ያለው ባሕር ለመቶዎች ዓመታት ሰውን ኮድ የሚባለውን ዓሣ ሲመግብ ኖሯል። ዓሣው ሊያልቅ በመድረሱ በሐምሌ 1992 መንግሥት ማስገሩን አቆመ፤ 30,000 ያህል ሰው ሥራ አጣ። ለሁለት ዓመት ነው የተባለው እገዳ ከ30 ዓመት በላይ ቆየ። ከጥፋቱ ምክንያቶች አንዱ ዛሬም ያስቆጨኛል። የዓሣው ብዛት ግምት በከፊል የተመሠረተው ትልልቆቹ መርከቦች በሚይዙት መጠን ላይ ነበር። መርከቦቹ ደግሞ የተረፈው ዓሣ ተሰብስቦ ያለበትን ቦታ በመሣሪያ እየፈለጉ ስለሚያገኙት መረባቸው እስከ መጨረሻው ሙሉ ነበር። በትናንሽ ጀልባ ከዳር የሚያሰግሩት ሰዎች «ዓሣው እያነሰ ነው» ብለው ቢጮኹም የሰማቸው አልነበረም።

የእኛ የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝም የለውም። የኒውፋውንድላንድን ያህል ስህተት የሚሸከምበት አቅም የለውም።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ለፋብሪካና ለመንገድ ሥራ የሚደረግ ይመስለኝ ነበር። ለማስገር ደንብ እንዴት ይሠራል? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ተማሪዬ፣ ጥያቄህ የጉዳዩ እምብርት ነው። አሜሪካ ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ የፌዴራል መንግሥት አካባቢን በእጅጉ ሊነካ የሚችል ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ተፅዕኖው እንዲጠና ያስገድዳል። የማስገር ዕቅድ ማጽደቅም እንዲህ ያለ ውሳኔ ነው። በ1976 የወጣው የዓሣ ሀብት ሕግ በየባሕር ዳርቻው ማስገርን የሚመሩ ስምንት ምክር ቤቶችን አቋቋመ። እነሱ ኮታ፣ የማስገሪያ ወቅት ወይም የመረብ ዓይነት ሲያቀርቡ የሚመዘነው የመርከቦቹ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ደንቡ ራሱ ይመዘናል።

ምዘናው ከሚፈለገው ዓሣ ይጀምራል፤ በዚያ ግን አያበቃም። አብሮ የሚያዘው ያልተፈለገ ዓሣ፣ ኤሊው፣ ወፉ፣ የባሕሩ ወለል፣ ያንን ዓሣ በልቶ የሚኖረው እንስሳ፣ በወደቡ የሚኖረው ሰው ሁሉ ይታያል። ከሁሉ የምወደው ክፍል አማራጮችን ጎን ለጎን የማስቀመጥ ግዴታው ነው። ከአማራጮቹም አንዱ «ምንም ባንለውጥስ?» የሚለው መሆን አለበት። አንድ ሐሳብ ብቻ ይዞ የሚመጣ ባለሥልጣን የሚያስፈልገው ማጽደቂያ ነው፤ ግምገማ አልልህም።

የእኛም ሕግ ከዚህ አይርቅም። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክቶችን ብቻ ሳይሆን ፖሊሲን፣ ስትራቴጂን፣ ፕሮግራምንና ሕግንም ይመለከታል። ይህን ክፍል አንብበው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ጉዳይ አለበት።

ደንብ የሚወጣው ለጥበቃ ነው። ጥበቃ እንዴት አካባቢን ይጎዳል? (ከታቦር፣ ሌሎች ሁለት አንባቢዎችም ጠይቀዋል)

በሁለት ታሪክ ልመልስ።

አላስካ ውስጥ ሃሊበት የሚባል ትልቅ ጠፍጣፋ ዓሣ አለ። ዓሣው እንዳያልቅ ጠቅላላ የሚያዘው መጠን ተወሰነ፤ ማን ስንት እንደሚይዝ ግን አልተወሰነም። እናም ሁሉም ተሽቀዳደመ። መጠኑ ቶሎ ስለሚሞላ ወቅቱ እያጠረ ሄዶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዋና ዋናዎቹ ቦታዎች በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ሆነ። በዚያ ቀን ማዕበል ቢኖርም ጀልባው ይወጣል። ሰዓቱ ሲያልቅ ደግሞ ያልተነሳ የመንጠቆ ገመድ ተቆርጦ ባሕር ውስጥ ይቀራል፤ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል። በወረቀት ላይ ኮታው ተከብሯል፤ ባሕሩ ግን ተጎድቷል፤ ሰውም ሞቷል። በ1995 ለእያንዳንዱ ባለጀልባ ድርሻ ተሰጠና ወቅቱ ወደ ስምንት ወር ተራዘመ፤ ተጥሎ የሚቀረው ገመድም ቀነሰ። ሆኖም ድርሻው የሚሸጥ ስለሆነ ብዙ ትናንሽ የዳርቻ መንደሮች ድርሻቸው ከእጃቸው ወጣ። ይህም ጉዳት ነው፤ በግምገማው ውስጥ መቆጠር ነበረበት።

ሁለተኛው የቱና ታሪክ ነው። በምሥራቃዊው ሞቃታማ ፓሲፊክ ትልልቅ ቱናዎች ከዶልፊን መንጋ ጋር ይጓዛሉ። አስጋሪዎች ዶልፊኑን ከበው መረብ ሲዘረጉ በ1980ዎቹ አጋማሽ በዓመት ከመቶ ሺህ በላይ ዶልፊን ይሞት ነበር። ሕዝብ ተቆጣ፤ በ1990 ትልልቆቹ የአሜሪካ ቱና አሻጊዎች ዶልፊን ተከቦ የተያዘ ቱና አንገዛም አሉ። ያኔ ብዙ መርከቦች ወደ ሌላ ዘዴ ዞሩ፦ ተንሳፋፊ ግንድና መሰል ነገር ሥር የሚሰበሰበውን ዓሣ መክበብ። እዚያ ሥር ዶልፊን እምብዛም የለም፤ ያልደረሰ ቱና፣ ሻርክ፣ የባሕር ኤሊ ግን ሞልቷል። ጉዳቱ ከሚታየውና ከሚወደደው እንስሳ ላይ ተነስቶ ብዙ ሰው ወደማያዝንላቸው ተዛወረ። በዚያው ጊዜ ዶልፊን መክበባቸውን የቀጠሉት ደግሞ የመረቡን ጠርዝ ዝቅ አድርገው ዶልፊኑን ማስወጣት ተለማመዱ፤ በትልልቅ መርከቦች ሁሉ ታዛቢ ተሳፈረ። የሚሞተው ዶልፊን በዓመት ከ2,000 በታች ወረደ።

የትኛው ዘዴ ይሻላል? እኔ ሁለተኛው መንገድ፣ ዘዴውን አሻሽሎ በታዛቢ መከታተሉ፣ የተሻለ ነበር ባይ ነኝ። የማይስማሙ ብዙ አሉ፤ ዶልፊንን ማሳደድ በራሱ እንስሳውን ይጎዳል የሚለው መከራከሪያቸውም ቀላል አይደለም። ለማንኛውም «ዶልፊን ይዳን» ብሎ ሻርኩን ሳይቆጥር የሚያልፍ ግምገማ ግማሽ ግምገማ ነው።

የባሕሩን ወለል የሚጠርገው መረብ ሁልጊዜ መጥፎ ነው?

አይደለም፤ ቦታው ይወስነዋል። ማዕበል ዘወትር የሚያናውጠው ጥልቀት የሌለው አሸዋ በአንጻራዊነት ቶሎ ያገግማል። በጥልቅ ባሕር ያለ ኮራል ግን አንዴ ከተሰበረ መቶዎች ዓመታት ያስፈልጉታል።

አሞራ ገደል ምግብ ቤት አለኝ። አባ ኮዳዎቹና ወፎቹ ከዓሣው ጋር ነው የሚኖሩት። ባሕር ላይስ ወፍ ይታሰባል?

እህቴ፣ በሚገባ ከታሰበ ውጤቱ ያስደስታል። ፔሩ በ1970 አንቾቪ ከሚባለው ትንሽ ዓሣ ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ አወጣች፤ በ1972 የባሕሩ ሙቀት ሲጨምር ያ ሁሉ ሀብት ወደቀ፤ አንቾቪውን የሚመገቡት የባሕር ወፎችም በሚሊዮን አለቁ። ያኔ የወፎቹ ድርሻ በሚገባ አልታሰበም።

የደቡብ ውቅያኖስ ነገር ግን ሌላ ነው። ከ1982 ጀምሮ የሚሠራው የአንታርክቲክ ስምምነት ዓሣን ብቻ ሳይሆን ዓሣ በል እንስሳትንም እንዲያስቡ አገሮችን ያስገድዳል። በሳውዝ ጆርጂያ ደሴት ዙሪያ አልባትሮስ የተባለው ትልቅ ወፍ የመንጠቆውን ማባበያ ሊነጥቅ ሲወርድ ተጠልፎ ይሰምጥ ነበር። መፍትሔው ውድ አልሆነም፦ ገመዱን በሌሊት መጣል፣ ቶሎ እንዲሰምጥ ክብደት ማሰር፣ ከጀልባው ኋላ የሚርገበገብ ማስፈራሪያ መጎተት፣ ወፎቹ እንቁላል ጥለው ጫጩት በሚያሳድጉበት ወቅት አለማስገር። በ1990ዎቹ በሺዎች ይሞቱ ነበር፤ በዓመታት ውስጥ በሕጋዊው ማስገር የሚሞተው ወደ ምንም ተጠጋ።

የቱና ቆርቆሮ ስገዛ ምን ልመልከት?

የዓሣው ዓይነት፣ የተያዘበት ባሕርና የተያዘበት ዘዴ ተጽፈው እንደሆነ ይመልከቱ። አንድ በአንድ በዘንግ የተያዘ የሚል ካገኙ እሱን ይምረጡ። ስለ ሦስቱም ዝም ያለውን ቆርቆሮ እኔ አልገዛውም።

በመራቢያ ወቅት ማስገር ይቁም የሚል ነገር እንሰማለን። ስብሰባ ብንጠራ ምን ብለን እንጠይቅ? (ዓሣ አስጋሪ፣ ከሐይቅ ዳር)

ወንድሜ፣ ሐሳቡን አትጥሉት። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው፤ እሷ ስትያዝ ልጆቿም አብረው ይሄዳሉ። ግን ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ሊራባ ይችላል፤ የሚበረታባቸው ወራት አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ «የትኞቹ ወራት? በምን ጥናት?» በሉ። ቀጥሎ «ሐይቁ በሙሉ ይዘጋ ወይስ ቆሮሶ የሚራባበት ሳርና ደንገል ያለበት ዳር ብቻ? የመረቡ ዓይን ቢሰፋስ? ባይዘጋስ ምን ይሆናል?» ብላችሁ አማራጭ ጠይቁ። በቆሮሶ ላይ ሲከለከል መረቡ ሁሉ ወደ አምባዛ እንደሚዞር እናንተ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ፤ ተናገሩት። ሲከፈት በመጀመሪያው ሳምንት ግፊያ እንደሚኖርም ተናገሩ፤ የአላስካ ነገር እዚህም ይመጣል። ቤተሰባችሁ በእነዚያ ወራት ምን እንደሚበላ መጠየቅ ከጉዳዩ መውጣት አይደለም። ከጥቁር ውሃ ወንዝና ከከተማው ጎርፍ ጋር የሚገባው ቆሻሻ ተመዝኖ እንደሆነም ጠይቁ፤ ዓሣው የሚያንሰው በእሱም ምክንያት ከሆነ መረብ ማሰር ብቻውን አያድነውም።

አንድ ሥራ ግን ስብሰባውን ሳትጠብቁ ጀምሩ። ማኅበራችሁ ደብተር ይግዛ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የመረቡን ዓይን፣ የተያዘውን ቆሮሶና አምባዛ ብዛት፣ የጥቂቶቹን ርዝመት መዝግቡ። ባዶ እጃችሁን የተመለሳችሁበትን ቀንም አትዝለሉት፤ ለመዛኙ ሰው እሱም እኩል መረጃ ነው።