በቅሎዎቹ ምን በሉ? ታሪካዊ ልቦለድ ለምትጽፉ ልጆች

ልጆቼ፣

«ጋሼ፣ ታሪካዊ ልቦለድ ጀምሬያለሁ፤ እስኪ ይዩልኝ» እያላችሁ ረቂቅ ትልኩልኛላችሁ። አርባ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬ አሁንም አልሰለቸኝም። ለየአንዳንዳችሁ ከምመልስ ግን የአንድ እንግሊዛዊ ጸሐፊ ነገር ላጫውታችሁ። ጆርጅ አልፍሬድ ሄንቲ ይባላል።

በ1832 ኬምብሪጅ አጠገብ ተወለደ፤ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው። ሕመምተኛ ልጅ ስለነበር አልጋ ላይ ሆኖ ያገኘውን ሁሉ ሲያነብ አደገ። ዩኒቨርሲቲውን ሳይጨርስ እንግሊዝ ከሩሲያ ጋር ወደተዋጋችበት ክራይሚያ ዘመተ። ሊዋጋ እንዳይመስላችሁ! የገባው ለጦር ሆስፒታሎች ዕቃ በሚያቀርበው ክፍል ነው። አብሮት የሄደው ወንድሙ እዚያው በኮሌራ ሞተ። ስለ ወታደሩ ስቃይ ለቤተሰቡ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች አባቱ ለጋዜጣ አሳዩለትና ታተሙ። የጦር ዘጋቢነት እንጀራው የተከፈተው እንዲህ ነው።

በ1865 ሚስቱ አራት ልጆች ትታበት ሞተች። ማታ ማታ ለልጆቹ ተረት ይፈጥርላቸው ነበር። ለልጆች በጻፈው የመጀመሪያ መጽሐፍም ለባለታሪኮቹ የገዛ ልጆቹን ስም ሰጣቸው። በኋላ ጤናው አላዘምት ሲለው ለንደን ተቀምጦ በዓመት ሦስት አራት ልቦለድ ያወጣ ጀመር። አሥር ያህል መጻሕፍት ከቤተ መጻሕፍት ተውሶ ያነባል፤ ከዚያ እየተናገረ ጸሐፊው ይጽፍለታል። ወደ 120 መጻሕፍት ደረሰ።

ፍጥነቱ ደግሞ ያስታውቃል። ጀግናው ሁሌ ያው ልጅ ነው፤ ደፋር፣ የማይዋሽ፣ ቡጢ የሚችል። ካርቴጅ ሲሄድም ሕንድ ሲሄድም ልብሱን ብቻ ነው የሚቀይረው።

ታዲያ ለምን አነሳሁት? ይህ ሰውዬ እኛም አገር መጥቷል። ጄኔራል ናፒየር አፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት ሄንቲ የጋዜጣ ዘጋቢ ሆኖ ተከተለ። በ1868 የጉዞውን መጽሐፍ አሳተመ። ለእኔ ከመጽሐፉ ቁም ነገሩ ተኩሱ አይደለም። ዙላ ወደብ ላይ በውኃ ጥም የሚያልቁት በቅሎዎች ናቸው። የስንቅ ሰው ስለነበር ጦር በሆዱ እንደሚሄድ ያውቃል።

እኔ በወጣትነቴ ይህን አላውቅም ነበር። ስለ አድዋ የጻፍኩትን አጭር ልቦለድ ለአንድ አንጋፋ አርታዒ ሰጠሁ። ዘማቼ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ነበር የሚናገረው። አርታዒው ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ነገር ብቻ ጽፈው መለሱልኝ፦ «ይህ ሰው ስንቁ ምንድን ነው?» በጣም ተናደድኩ። ከወራት በኋላ በሶና ጭብጦ፣ ውኃ የምትቀዳ ሴት፣ የተገጠበች አህያ ስጨምርበት ታሪኩ ነፍስ ዘራ።

ሄንቲን ግን በዚህ ብቻ አትመኑት። የእንግሊዞቹን በቅሎ ቆጥሮ አይጠግብም፤ ዓይኑ ግን ከድንኳናቸው ብዙ አይርቅም። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (ይቺን እንኳ በራሳችን ልቁጠራት) ራሳቸውን ገደሉ። ከመቅደላ የተዘረፈውን ብራና፣ ዘውድና ጽዋ ለመሸከም 15 ዝሆኖችና 200 ገደማ በቅሎዎች አስፈልገዋል። እነዚህም በቅሎዎች ናቸው እንግዲህ። ስለዚህ ከሱ አጠገብ አለቃ ወልደ ማርያም በአማርኛ የጻፉትን የቴዎድሮስን ታሪክ ክፈቱ። ተራራው ያው፣ ሰሞኑም ያው፤ የሚያለቅሰው ሰው ግን ሌላ ነው።

ነገሩ የእኛ ቂም ብቻ አይደለም። ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲጽፍም ጀግናው ለደቡቦቹ የሚዋጋ የባሪያ አሳዳሪ ቤተሰብ ልጅ ነው። ልጁ ለባሪያዎቹ ደግ ነው፤ ደራሲው ይህ ይበቃል ያለ ይመስለኛል። አይበቃም! እናንተም የፊታውራሪውን ጎራዴ ሦስት ገጽ ስታወሩለት በቅሎውን የሚጎትተው ልጅ ስም እንኳ የለውም። ባለፈው ወር ካነበብኳቸው አምስት ረቂቆች በአራቱ እንዲሁ ነው።

ሄንቲ በ1902 ዌይማውዝ ወደብ ላይ፣ በገዛ ጀልባው ውስጥ ሞተ። በጅምር የቀረውን ልቦለድ ልጁ ጨረሰለት። የእኔ ልጅ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ስለ ወለድ እንጂ ስለ ልቦለድ አይገባውም። ስለዚህ ረቂቃችሁን ቶሎ ላኩልኝ፤ በቅሎ የሚጎትተውን ልጅ ስምም ጻፉበት።