ፎርማት ተደርጎም የተመለሰው ሊንክ

ጥያቄው የመጣው አራት ኪሎ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ካላቸው አንባቢ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«በክሮም የእንግሊዝኛ ገጽ ስከፍት አንዳንድ ቃላት አረንጓዴ ድርብ መስመር ተሰምሮባቸው ሊንክ ሆነው ይመጣሉ። ‹ኢንሹራንስ›፣ ‹ትራቭል›፣ ‹ሎን› የሚሉት ላይ ማውሱን ሳሳርፍ ማስታወቂያ ብቅ ይላል። የአማርኛ ገጽ ላይ ግን የለም። ያየልኝ ልጅ ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት አደረገው፤ ሁሉን ደምስሶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫነ። ትንሽ ቀን ደህና ሰነበተና ተመልሶ መጣ። ደንበኞች ይዘውት የሚመጡት ፍላሽ ይሆን? እባክዎ መላ ካለዎት ይንገሩኝ።»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ፍላሹን ከክስ ነጻ ላውጣው። በፍላሽ የሚዛመቱት ቫይረሶች ጠባያቸው ሌላ ነው። ፎልደር ይደብቃሉ፣ ፋይሉን ሾርትከት ያደርጉታል። ገጽ ላይ ቃል እየመረጡ ሊንክ መለጠፍ የእነሱ ሥራ አይደለም። ይህ አድዌር የምንለው ነው። ማስታወቂያ እያሳየ፣ በተጫኑት ቁጥር ለባለቤቱ ሳንቲም የሚለቅም።

እኛ ዘንድ ኮምፒውተር ካስነጠሰ መድኃኒቱ ፎርማት ነው። ከስታዲየም እስከ ፒያሳ የትኛውም ጥገና ቤት ቢገቡ መጀመሪያ የሚሰሙት ይህንኑ ነው። አንዳንዴ ያስፈልጋል፤ አልክድም። የእርስዎ ግን ፎርማት ተደርጎም ተመለሰ። ይህ ለእኔ ትልቅ ፍንጭ ነው። ዕቃው የተቀመጠው ሃርድ ዲስኩ ላይ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ከፎርማቱ በኋላ ክሮምን ጭነው በጉግል አካውንትዎ ገብተዋል፤ አይደል? አካውንቱ ደግሞ የድሮ ቡክማርክዎን፣ ፓስወርድዎንና ኤክስቴንሽንዎን (ክሮም ላይ የሚጨመሩትን ትንንሽ ፕሮግራሞች) ይዞ መጣ። ሲንክ የሚባለው ይሄ ነው። ጥፋተኛው ከኤክስቴንሽኖቹ አንዱ ከሆነ፣ በገዛ አካውንትዎ ተሳፍሮ ነው የተመለሰው።

ግን በግምት አንሂድ። ሊንኩ ከየት እንደሚመጣ እንለይ። ከገጹ ነው? ከብራውዘሩ? ከኮምፒውተሩ? ወይስ ከዋይፋዩ?

ሊንኩ የታየበትን ያንኑ ገጽ በስልክዎ ይክፈቱት። የቤቱን ዋይፋይ አጥፍተው በሞባይል ዳታ ይሁን። እዚያም ያው ቃል ላይ ያው መስመር ካለ ኮምፒውተርዎ ጤነኛ ነው። በጽሑፍ መሃል ማስታወቂያ የሚያስገቡ ገጾች አሉ፤ የገጹ ባለቤት ፈቅዶ ያስገባው ስለሆነ የሚጠገን ነገር የለም። ስልክ ቁጥርና ቀን ብቻ ሊንክ ሆኖ ከታየዎትም አይደንግጡ፤ ስልኮች ራሳቸው ያደርጉታል።

ስልኩ ላይ ከሌለ ወደ ኮምፒውተሩ ይመለሱ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤን አንድ ላይ ይጫኑ። ኢንኮግኒቶ የሚባለው ጥቁር መስኮት ይከፈታል። ያንኑ ገጽ እዚያ ይክፈቱት። ኢንኮግኒቶ ውስጥ ኤክስቴንሽን እርስዎ ካልፈቀዱለት በስተቀር አይሠራም። ስለዚህ መስመሮቹ እዚያ ከጠፉ ሌባው ኤክስቴንሽን ነው። እኔ በእርስዎ ጉዳይ የምጠረጥረውም ይህንን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገጹ ከሰርቨር፣ ማለትም ከተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ሲነሳ ንጹሕ ነው። እርስዎ ብራውዘር ላይ ከተከፈተ በኋላ ኤክስቴንሽኑ ጽሑፉን ያነባል። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ቃላት ሲያገኝ ሊንክ ያለብሳቸዋል። ኢንሹራንስ፣ ብድርና ጉዞ የተመረጡት አስተዋዋቂዎች ጥሩ የሚከፍሉባቸው ቃላት ስለሆኑ ነው። ዝርዝሩ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ የአማርኛው ገጽ የተረፈውም ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ኤክስቴንሽኖቹ እንግባ። ክሮም ላይ ከላይ በቀኝ ሦስቱን ነጥቦች ይጫኑ፤ ኤክስቴንሽንስ፣ ከዚያ ማኔጅ ኤክስቴንሽንስ። የተደረደሩ ሳጥኖች ይመጣሉ። እያንዳንዱ ሳጥን ላይ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ሁሉንም ያጥፉና ገጹን ሪፍሬሽ ያድርጉ። መስመሮቹ ጠፉ? እንግዲያውስ አንድ በአንድ እያበሩ፣ በየመሃሉ ሪፍሬሽ ያድርጉ። መስመሩ ተመልሶ ሲመጣ መጨረሻ ያበሩት እሱ ነው።

በዚሁ ዲቴይልስ የሚለውን ተጭነው ፈቃዱን ያንብቡ። «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለውን ዳታህን ማንበብና መቀየር» የሚል ትርጉም ያለው መስመር ያያሉ። ማስታወቂያ ማገጃ ይህን ቢጠይቅ ይገባኛል፤ ካልቀየረ አያግድም። ፒዲኤፍ ወደ ወርድ የሚቀይር ነገር ግን የባንክ ገጼን ለምን ያነባል? በጽሕፈት ቤት ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ በብዛት የማገኘው እንዲህ ያለውን ነው፤ ፒዲኤፍ ቀያሪ፣ ቪዲዮ አውራጅ፣ ነጻ ቪፒኤን።

«ይሄ እኮ ድሮም ነበረኝ፤ ምንም አላደረገኝም» ይሉ ይሆናል። ድሮ ደህና የነበረ ኤክስቴንሽን ባለቤት ይቀይራል። አዲሱ ባለቤት አፕዴት ይልካል፣ ክሮም ዝም ብሎ ይቀበላል። ዘ ግሬት ሰስፔንደር የሚባለው፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች የሚወዱት ኤክስቴንሽን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ። በየካቲት 2021 ጉግል ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ይዟል ብሎ አገደው።

ጥፋተኛውን ሲያገኙ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ሪሙቭ ያድርጉት። ይህንን የሚያደርጉት ግን ሲንኩ ሳይቋረጥ፣ በአካውንትዎ እንደገቡ ነው። ያኔ ከአካውንቱም ይሰረዛል። በዚሁ አካውንት የሚጠቀሙበት የቤት ላፕቶፕ ካለ እሱንም ይፈትሹት፤ አለበለዚያ ከዚያ ዞሮ ሊመጣ ይችላል።

ሪሙቭ የሚለው ካልሠራ፣ ወይም ሦስቱ ነጥቦች ሥር «ብራውዘርህ በድርጅትህ ይተዳደራል» የሚል ጽሑፍ ካዩ ነገሩ ከበድ ይላል። አንዳንድ አንቲቫይረስም ይህን ጽሑፍ ያመጣል። ያ ካልሆነ ግን በግል ፎቶ ኮፒ ቤት ምን ድርጅት አለ? አንድ ፕሮግራም ዊንዶውስ ውስጥ ገብቶ ክሮምን አስሮታል ማለት ነው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ይክፈቱና በተጫኑበት ቀን ይደርድሯቸው። ችግሩ በጀመረበት ሰሞን የገባ፣ የማያውቁት ስም ካለ ያስወግዱት። ከዚያ አድደብሊውክሊነር በሚባለው፣ ማልዌርባይትስ የተባለው ድርጅት በሚያቀርበው ነጻ የአድዌር ማጽጃ ያስፈትሹ። ከራሱ ከማልዌርባይትስ ገጽ ብቻ ያውርዱት። ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብር የሚቀመጥበት) ውስጥ ገብተው ግን አይነካኩ፤ እሱን የሚያውቅ ሰው ይንካው።

ዋይፋዩን የምንጠረጥረው በሞባይል ዳታ ሊንኩ ሳይኖር፣ በቤቱ ዋይፋይ የገባ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ ሊንኩን ካሳየ ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን መንገዱ ጠባብ ነው። አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ (https) የሚጀምር ገጽ ተቆልፎ ስለሚመጣ መሃል ላይ ቃል መጨመር ቀላል አይደለም። ቁልፉን ለመክፈት ራሱ ኮምፒውተሩ ላይ መግባት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በሌኖቮ ላፕቶፖች ላይ ተጭኖ የተገኘው ሱፐርፊሽ ያደረገው ያንን ነው፤ የራሱን ሰርተፊኬት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ገጹን እንዲያምን የሚያደርግ ዲጂታል መታወቂያ፣ ዊንዶውስ ውስጥ አስገብቶ ማስታወቂያ ይጨምር ነበር።

ብዙ ሰው ሊንኩ ከጠፋ በኋላ የሚረሳው ነገር አለ። ገጽ ማንበብ የሚችል ኤክስቴንሽን የሚጽፉትንም ማየት ይችላል። እርስዎ ደግሞ ለሰው ዲቪ ይሞላሉ፣ የፓስፖርት ቀጠሮ ያስይዛሉ፣ ኢሜይል ይከፍታሉ። የኢሜይልና የባንክ ፓስወርድዎን ይቀይሩ። ከጸዳው ኮምፒውተር ወይም ከስልክዎ ያድርጉት። የጉግል አካውንትዎ ሴኪዩሪቲ ገጽ ላይም የማያውቁት መሣሪያ ካለ ያስወጡት። ኢሜይላቸውን እርስዎ ጋ የከፈቱ ደንበኞች ካሉ ፓስወርድ እንዲቀይሩ ቢነግሯቸው ደግ ነው። ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን ይንገሯቸው።

ከእንግዲህ የደንበኛ ሥራ በጌስት መስኮት ይሁን። ከላይ በቀኝ ያለውን የፕሮፋይል ክብ ሲጫኑ ያገኙታል። እዚያ ኤክስቴንሽን የለም፤ ሲዘጉትም የደንበኛው አካውንት አብሮ ይወጣል። ነጻ ፕሮግራም ሲጭኑ ደግሞ «ኔክስት፣ ኔክስት» እያሉ አይለፉ። ከስተም የሚለውን ይምረጡና ሳይጠየቁ ራይት የተደረገባቸውን ሳጥኖች ያንሱ።

ይህን ሁሉ አድርገው መስመሮቹ ካልለቀቁ፣ የኤክስቴንሽን ገጹንና በቀን የተደረደረውን የፕሮግራም ዝርዝር ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ማውሱን ሊንኩ ላይ አሳርፈው በብራውዘሩ ታችኛው ግራ ጥግ የሚወጣውን አድራሻም አብረው ያንሱ። ብቻ አይጫኑት።