የካውንስል ቤት ወረፋና ስደተኛው፦ መልስ
«በእንግሊዝ የካውንስል ቤት የጠፋው ስደተኛ ወረፋ ስለሚቀድም ነው የሚባለው እውነት ነውን?» ብለው ጠይቀዋል። የካውንስል ቤት ማለት የአካባቢ አስተዳደሩ (ካውንስሉ) በዝቅተኛ ኪራይ የሚያከራየው ቤት ነው። ከ1 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦች ተመዝግበው በሚጠባበቁበት አገር ቅሬታ መነሣቱ አያስደንቅም፤ ጣቱ የሚቀሰረው ግን ያለ ቦታው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ሕግ የካውንስል ተከራዮች የሚኖሩበትን ቤት በቅናሽ እንዲገዙ ከፈቀደ ወዲህ እጅግ ብዙ ቤቶች ሲሸጡ፣ በምትካቸው የተሠሩት ጥቂት ናቸው። ጥገኝነት ጠያቂ ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ የካውንስል ቤት አይሰጠውም፤ ጊዜያዊ ማረፊያውን የሚያዘጋጀው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘውም እንደማንኛውም አመልካች በችግሩ ክብደት ተመዝኖ ተራውን ይጠብቃል፤ ብዙ ካውንስሎችም በአካባቢው ለተወሰኑ ዓመታት መኖርን አስቀድመው ይጠይቃሉ። ቤት ፈላጊውን ሁሉ ሥራ ጠል አድርጎ መሣልም ስሕተት ነው፤ ደመወዙ ለግል ኪራይ የማይበቃው ሠራተኛ ከወረፋው ውስጥ አለና።