መጀመሪያ መቆም የሌለበትን ጠይቁ

ውድ ጀማሪ ኢንጂነሮች፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት ከብረትና ከውሃ ጋር ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ምክር ስትጠይቁኝ ግን የራሴን ሥራ ከማወራ በእንግሊዝ አገር፣ ማንችስተር አጠገብ፣ ባርተን የሚባል ቦታ ያለ አንድ የሚዞር ድልድይ ባነሳላችሁ ይሻላል። በዚህ ድልድይ የሚያልፈው መኪና ወይም ባቡር አይደለም፤ ጀልባ ነው። ድልድዩ ራሱ ውሃ የሞላበት የብረት ገንዳ ነው።

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1761 መሐንዲሱ ጄምስ ብሪንድሊ የብሪጅወተርን ቦይ በድንጋይ ቅስቶች ላይ አድርጎ ከኢርዌል ወንዝ በላይ አሻገረው። ከዎርስሊ ከሰል የጫኑ ጀልባዎች ወንዙን ከላይ እያለፉ ማንችስተር ይገቡ ጀመር። ይህ ከመቶ ዓመት በላይ ሠራ። ኋላ ማንችስተር የባሕር መርከብ ደጄ ድረስ ይምጣልኝ አለች። 58 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የመርከብ ቦይ ተቆፈረ፤ ባርተን ላይም የወንዙን መስመር ይዞ ያልፋል። የብሪንድሊ ቅስቶች ደግሞ ለትልቅ መርከብ በጣም ዝቅ ያሉ ናቸው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ብዙ ሰው እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ማፍረስ ነው። ቅስቶቹ በእርግጥ ፈርሰዋል። የሥራው መሐንዲስ ኤድዋርድ ሊደር ዊሊያምስ ግን በቅስቶቹ ላይ ያልፍ የነበረው የጀልባ መንገድ እንዲቋረጥ አልፈለገም። ይህ ደግነት እንዳይመስላችሁ። የመርከብ ቦዩ ኩባንያ የብሪጅወተርን ቦይ በ1887 ገዝቶታል፤ ጀልባው ቢቆም የሚጎድለው የራሱ ኪስ ነው።

ጀልባዎቹን በር ባላቸው፣ ውሃቸው በሚሞላና በሚጎድል ክፍሎች በደረጃ በደረጃ አውርዶ፣ የመርከብ ቦዩን አሻግሮ፣ ማዶ መልሶ ማውጣት ይቻል ነበር። ግን ሰዓት ይበላል። ጀልባ በወረደና በወጣ ቁጥርም ከላይኛው ቦይ ውሃ ይሄዳል።

ዊሊያምስ የመረጠው ገንዳውን ማዞር ነው። በመርከብ ቦዩ መሃል ደሴት ተሠራ፤ ገንዳው እዚያ ላይ ተቀመጠ። በገንዳው ሁለት ጫፎች በር አለ፤ በዳርና በዳር ባለው ቦይ ጫፍም እንዲሁ። መርከብ ሲመጣ በሮቹ ይዘጋሉ፣ ገንዳው ውሃውን እንደያዘ በሃይድሮሊክ ኃይል ሩብ ዙር ይዞራል፣ መርከቡ ያልፋል። ሥራ የጀመረው በ1894 ነው። ክብደቱ ወደ 1,450 ቶን ይጠጋል፤ ከዚህ ውስጥ 800 ቶን ያህሉ ውሃ ነው።

ያን ሁሉ ውሃ ማዞር ምን አመጣው? ቢደፋ አይቀልም ነበር? ይቀላል፤ ግን በየዙሩ 800 ቶን ውሃ ማጣትና እንደገና መሙላት ሊመጣ ነው። እኔ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ የምወደው ሌላ ነገር አለ። ጀልባ ገንዳው ውስጥ ሲገባ የክብደቱን ያህል ውሃ ገፍቶ ወደ ቦዩ ይመልሳል። ስለዚህ ጀልባ ኖረም አልኖረም፣ ውሃው ከፍታው እስካልተለወጠ ድረስ ገንዳው ያው ነው የሚመዝነው። ሚዛኑም አይዛባም። ተራ ድልድይ ጫፍ ላይ ከባድ መኪና ቢቆም ጭነቱ ወደዚያ ያደላል። እዚህ ግን ጀልባው መሃል ይሁን ጫፍ፣ ገንዳው የሚዞርበት ምሰሶ ለውጡን አያውቀውም። ሁልጊዜ ሙሉ የሆነ ነገር ጭነቱ የታወቀ ነው። ለዲዛይነር ከዚህ የበለጠ ምን ስጦታ አለ?

ሐሳቡ ከሰማይ አልወረደለትም። ቀደም ሲል ዊሊያምስ የዊቨር ወንዝ መሐንዲስ ነበር። እዚያ አንደርተን ላይ ጀልባን ከነውሃው 15 ሜትር ያህል የሚያነሳ ማሽን በ1875 ተሠራ። ዝርዝር ዲዛይኑን ያወጣው ኤድዊን ክላርክ ቢሆንም፣ ዊሊያምስ ውሃ የሞላ ገንዳ ሲንቀሳቀስ ባይኑ አይቷል። አሁን የያዛችሁትን ሥራ ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ማስታወሻ ያዙበት።

ሳይት ስትወርዱም ድሮዊንጉን ከመዘርጋታችሁ በፊት እዚያ ቀድሞ ምን እየሠራ እንደነበረ ጠይቁ። የውሃ መስመር ነው? የእግር መንገድ ነው? የሚጠቀምበትን ሰው ራሱን አነጋግሩ፤ የቢሮ ወረቀት ብዙ ጊዜ ይህን አይነግራችሁም። ከዚያ በመጀመሪያው ገጽ ላይ መቆም የሌለበትን ጻፉ፤ የግድ ከቆመም ለስንት ሰዓት እንደሚቆም። ባርተንም ቢሆን ድልድዩ ሲዞር ጀልባ ይጠብቃል። ማንንም የማያስጠብቅ ሥራ አላየሁም፤ ማን ስንት እንደሚጠብቅ ሳይታሰብ የተሠራ ግን ሞልቷል።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በሮቹ ተዘግተው ገንዳው ለብቻው ቆሟል እንበል። ጫፉ ላይ ካለው ጀልባ አሥር ቶን ከሰል በክሬን ቢነሳ ክብደቱና ሚዛኑ ምን ይሆናል? ያለ ፎርሙላ፣ በቃል ብቻ ለጓደኛችሁ አስረዱት።