ለመስክ ሠራተኞች ስልጠና የምታዘጋጂ እህቴ፣ ከስላይድ አትጀምሪ

ሰላም እህቴ። ሐረር ውስጥ አንድ አገር በቀል ድርጅት ገብተሽ፣ ቤት ለቤት ለሚሄዱ ሠራተኞች ስልጠና አዘጋጂ ተብለሽ፣ «የጎልማሶች ትምህርት ንድፈ ሐሳብ የሚሉት ነገር እውን ይሠራል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ይሠራል። ድሬዳዋ ላይ አይቼዋለሁ።

1. ንድፈ ሐሳቡን ሁሉ ልሸምድድ አትበዪ። የጎልማሶች ትምህርት ምሁሩ ማልኮም ኖውልስ ካሉት ውስጥ ለእኛ ሥራ ሁለቱ ይበቁሻል። ትልቅ ሰው ለምን እንደሚማር ካልገባው ልቡን አይሰጥሽም። ይዞት የሚመጣው ልምድም ራሱ የስልጠናው ማስተማሪያ ነው።

2. ሰዓቱን አስቢበት። ሐረር ከድሬ ቀዝቀዝ ብትልም፣ ከምሳ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሰው ይደክመዋል። ከባዱን ሁሉ ጠዋት ጨርሺ። ዓርብ ከሆነ ደግሞ የጁምዓን ሰዓት ሳትጠየቂ ክፍት አድርጊ።

3. ሠራተኞቹን አስቀድመሽ ጠይቂ። ይህን በአጭሩ ማለፍ አልችልም፣ እኛ የተቃጠልነው እዚህ ላይ ነው።

የቤት ጉብኝት ቅጻችን ላይ የቤተሰብ ገቢ የሚሞላበት ቦታ አለ። ሁልጊዜ ባዶውን ይመጣ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤታችን «ሠራተኞቹ ቅጽ መሙላት አይችሉም» ብሎ ደመደመ። የሆቴል አዳራሽ ተከራየ፣ አማካሪ ላከ። ስላይዱ ሙሉ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው። ዓመታት በመስክ የቆዩ እናቶች ቁጭ ብለው «ገቢ ማለት ምን ማለት ነው» ተብለው ተማሩ። እኔ አስቀድሜ «እባካችሁ መጀመሪያ እነሱን ጠይቋቸው» ብዬ ጽፌ ነበር። ከስልጠና ክፍሉ የመጣልኝ መልስ «የእናንተ ሥራ ተሳታፊ መላክ ነው» የሚል ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያ ሁሉ ብር ወጥቶ ቅጹ እንደ በፊቱ ባዶውን መጣ።

ቀጣዩን ስልጠና እኛው እንድናዘጋጅ ሲተውልን፣ የራሳችን ግቢ ውስጥ አደረግነው። ሠራተኞቹ ራሳቸው የሞሏቸውን ቅጾች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን «ይቺ ቦታ ለምን ባዶ ሆነች?» አልናቸው። ከሁሉም የቆየችው ሠራተኛ እንዲህ አለች፦ «የቤቱን እናት ገቢሽ ስንት ነው ስላት ድጋፉ ሊቋረጥብኝ ነው ብላ ትደነግጣለች። ለምን እንደሚጠየቅ ለእኔም የነገረኝ የለም፣ ምን ብዬ ላስረዳት?» እውነቷን ነበር። የትምህርት ቁሳቁስ ሲታደል ቅድሚያ የሚሰጠው በዚያው ቁጥር ነው፤ ይህን ግን አንድም ሰው አልነገራቸውም።

ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተለማመዱ። አንዷ እናት፣ አንዷ ጠያቂ። ቤት ውስጥ በሚናገሩት ቋንቋ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ። ያቺው ሠራተኛ ቅጹን ከቦርሳዋ አላወጣችም። መጀመሪያ ስለ ልጆቹ ጠየቀች። ቀጥላ «ገበያ ጥሩ የዋለ ቀን ስንት ይዘሽ ትገቢያለሽ? ሲቀዘቅዝስ?» አለች። ጉልት የምትሸጥ ሴት የወር ገቢ ብለሽ ብትጠይቂያት ከየት አምጥታ ትነግርሻለች? የቀኗን ግን አሳምራ ታውቃለች። አዲሶቹ ሠራተኞች ወዲያው ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ኮራሁባት፣ ዛሬም ስናገረው ደስ ይለኛል።

የትምህርት ምሁሩ ዴቪድ ኮልብ እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረበው የልምድ ትምህርት ዑደትም ይኸው ነው። ሰው ይሠራል፣ የሠራውን መለስ ብሎ ያየዋል፣ ከዚያ አንድ ሐሳብ ያወጣል፣ ሐሳቡን ደግሞ ይሞክረዋል። የእኛዎቹ በማግስቱ የተለመደው ጉብኝት ላይ ሞከሩት፣ ተመልሰውም ተወያዩበት። ቅጹ መሞላት ጀመረ።

በጀቱን አሁኑኑ አስቢበት። ለአዳራሽና ለአበል የሚከፍል ፋይናንስ፣ ከስልጠና በኋላ ለሚደረግ ክትትል የትራንስፖርት ስትጠይቂው «የስልጠና በጀት ተዘግቷል» ይልሻል። እኛን እንዲህ ብለው መልሰውናል። ስለዚህ ገና ዕቅዱ ሲጻፍ «የመስክ ክትትል» ብለሽ ለብቻው አስገቢው። ለጋሹ የቅድመና የድኅረ ስልጠና ፈተና ከጠየቀሽ ስጪው፣ ግን በዚያ ብቻ አትመኪ። ከስልጠናው በፊትና ከወራት በኋላ የመጡትን ቅጾች ጎን ለጎን አድርገሽ ባዶዎቹን ቁጠሪ። ሪፖርትሽ ላይ እሱን አስገቢ።

የእናንተን ቅጽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚቸገሩ አብረን እናየዋለን።