ካንሰር፣ ሸርጣንና ነቀርሳ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በዚህ በሚያስፈራው ቃል ዙሪያ ናቸው፤ አንድ ላይ ልመልሳቸው።

ካንሰርን ከሸርጣን ጋር ምን አገናኘው?

ቃሉ ራሱ ሸርጣን ማለት ነዋ! በጥንቱ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት ጥንታዊ የግሪክ ጽሑፎች ውስጥ በሽታው «ካርኪኖስ» ይባላል፤ በግሪክኛ ሸርጣን ማለት ነው። ለምን ቢባል፣ በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ጋሌን እንደሚለው፣ በጡት ላይ በሚወጣው እብጠት ግራና ቀኝ የተገተሩት የደም ሥሮች የሸርጣን እግር ስለሚመስሉ ነው። ሮማዊው ኬልሰስ ደግሞ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሕክምና በላቲን ሲጽፍ በሽታውን በራሱ ቋንቋ የሸርጣን ስም «ካንሰር» አለው። ሐኪሞች ለአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች የሚጠቀሙበት «ካርሲኖማ» የሚለው ግን ከግሪክኛው የመጣ ነው። በጣም የሚገርመኝ ዐረብኛው ነው፦ «ሰረጣን» ሸርጣንም ካንሰርም ነው። እኛ ዘንድ ኮከብ ቆጣሪዎቹ «ኮከብህ ሸርጣን ነው» የሚሉትም ይኸው ቃል ነው።

ነቀርሳ ካንሰር ነው ወይስ ቲቢ?

ሁለቱንም እንጠራበታለን፣ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ብቻውን «ነቀርሳ» ስንል ብዙ ጊዜ ካንሰር ማለታችን ነው፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ግን ቲቢ ነው። ቲቢ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በትንፋሽ የሚተላለፍ፣ መድኃኒቱ በሥርዓት ከተወሰደ የሚድን በሽታ ነው። የሳንባ ካንሰር ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እንግዲህ አስቡት፣ ካንሰር የያዘው ሰው «የሳንባ ነቀርሳ አለበት» ተብሎ ሲወራበት ጎረቤት ይሸሸዋል፣ ቲቢ ያለባት ደግሞ ያው ቃል ሲነገራት አለቀልኝ ብላ ተስፋ ትቆርጣለች። እኔ «ቲቢ» እና «የሳንባ ካንሰር» ብለን ለይተን እንጥራ ባይ ነኝ። ሐኪሙ «ነቀርሳ» ካላችሁም የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቁ እንዳትወጡ።

ውጤቴ ላይ «ሊፖማ» ይላል። በ«ኦማ» የሚያልቅ ሁሉ ካንሰር ነው?

አይደለም፣ አይዞሽ። «ሊፖስ» ስብ ነው፤ ሊፖማ የስብ እብጠት ነው፣ ካንሰር አይደለም። ሄማቶማ ከደም ሥር ወጥቶ የተጠራቀመ ደም ነው። ግላኮማ የዓይን በሽታ ነው፣ እብጠት እንኳ የለውም። ሊምፎማና ሜላኖማ ግን ካንሰር ናቸው። ከቃሉ ጭራ ብቻ መለየት አይቻልም።

«ሜታስታሲስ» ምንድን ነው?

ይሄም ግሪክኛ ነው፤ ከቦታ ቦታ መዛወር ማለት ነው። ካንሰሩ ከጀመረበት ተነስቶ ሌላ አካል ላይ ሲያርፍ እንዲህ ይባላል። ስሙ ግን አይቀየርም፦ ከጡት ተነስቶ አጥንት ውስጥ የገባ ካንሰር አሁንም የጡት ካንሰር ነው፣ የሚታከመውም እንደ ጡት ካንሰር ነው።