ቁልፉ ማን ጋ ነው? ለመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች

ልጆቼ፣

ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ ግን የድሮ ባልደረቦቼ አዲስ ምሩቅ ሲቀጥሩ ቃለ መጠይቅ ላይ እንድቀመጥላቸው ይጠሩኛል። ከፊታችን ከሚቀርቡት ልጆች የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረውን ከውድ የግል ትምህርት ቤት ከመጣው የምለየው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛው ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ሥራ ላይ ይስተካከላል። የማይስተካከለው ሳይገባው ራሱን የሚነቀንቅ ልጅ ነው። ሳይት ላይ ፕላኑ ሳይገባው ብረት አሳስሮ አርማታ የሚያስሞላ መሐንዲስ ሰው ይጨርሳል።

አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለምትማሩት የምለው አንድ ነገር ነው፤ ጠይቃችሁ ውሰዱ። የግል ትምህርት ቤት ወላጅ ስለሚከፍል ይሯሯጣል። እናንተ ጋ ማንም አይሯሯጥላችሁም። ግቢው ውስጥ ያለው ነገር ግን ከምታስቡት በላይ ነው።

ለምሳሌ ቤተ ሙከራውን እንውሰድ። ብዙ ቦታ ተቆልፎ ይውላል። ምክንያቱ ሁልጊዜ የዕቃ እጥረት አይደለም። ክፍል ሙሉ ተማሪ ይዞ መግባት ለአንድ መምህር ጭንቅ ነው፤ ብርጭቆ ቢሰበር የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ አምስት ስድስት ሆናችሁ ሂዱ። «ቲቸር፣ ታይትሬሽኑን (አሲድና ቤዝ እየቀላቀሉ የሚለኩበትን ሙከራ) ከክፍል በኋላ ያሳዩን፤ ዕቃውን አጥበን እንመልሳለን» በሉ። እምቢ የሚል ይኖራል። ሌላውን ጠይቁ። ከቡሬቱ፣ ከዚያ ባለ ቧንቧ ረጅም የመስታወት ቱቦ፣ አንዲት ጠብታ ስትጨመር ቀለም አመልካቹ ፌኖልፍታሊን ድንገት ሮዝ ሲሆን በዓይኑ ያየ ልጅ፣ አሲድና ቤዝን መሸምደድ አያስፈልገውም።

ፈተናውን አትርሱት እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ወላጆቻችሁም ቢፈሩ አይፈረድባቸውም። በ2014 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ፣ በ2016 5.4 ሆነ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚወሰድ ከሆነ ወዲህ በኩረጃና በስልክ የሚመጣ መልስ ላይ መንጠልጠል ከብዷል። ጥሩ ሆነ እላለሁ፤ በዚህ የሚናደዱብኝ ጓደኞች አሉኝ። ግን ያ ሁሉ ልጅ ሰነፍ ነው ብዬ አላምንም። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ኳድራቲክ እኩልታ ሳይገባው «ገብቷችኋል?» ሲባል ከክፍሉ ጋር «አዎ!» ያለ ልጅ ነው። ፊዚክስ ላይ ፕሮጀክታይል፣ ማለትም የተወረወረ ነገር እንቅስቃሴ፣ ሲመጣ የሚያስቸግረው ፊዚክሱ ይመስለዋል። ችግሩ የዘጠነኛ ክፍሉ ሒሳብ ነው። አስራ አንደኛ ክፍል ደርሶ የዘጠነኛን መጽሐፍ መግለጥ ደግሞ ያሳፍራል። አይፈር! ቅዳሜ ማጠናከሪያ ካለ መምህሩን «ቲቸር፣ ከታች ጀምሩልን» በሉት።

ከአስረኛ በኋላ ናቹራል ወይስ ሶሻል የሚለው ጭቅጭቅ ይመጣል። «ሶሻል የሰነፍ ነው» የሚለውን ወሬ ተዉት። ኢኮኖሚክስ የገባው ሰው አጥቼ ስንት ፕሮጀክት ሲከስር አይቻለሁ። ቴክኒክና ሙያ የገባ ልጅንም እንደወደቀ አትቁጠሩት። ስድስት ኪሎ ያለውን የእንጦጦ ፖሊቴክኒክ ግቢ እዩ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው፤ የመኳንንት ልጆች የተማሩበት ግቢ ዛሬ ሙያ ይማሩበታል። ጥሩ ኤሌክትሪሻንና ጥሩ ሰርቬየር ፍለጋ ስንከራተት የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ በዚህ ነገር ገለልተኛ አይደለሁም።

ከአራዳ ወደ ገላን ጉራና ወደሌላው ዳር የተዛወራችሁም አላችሁ። የድሮ ትምህርት ቤታችሁን እንዳትለቁ ንጋት ላይ ተነሥታችሁ አውቶቡስ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ከወላጅ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስቡበት። መቀየር ካለባችሁ መሸኛውን ዓመቱ ሳይጀምር ጨርሱ። አዲሱ ትምህርት ቤት ማንም አያውቃችሁም፤ እዚያ መጠየቅ ይበልጥ ይከብዳል፣ ይበልጥም ያስፈልጋል።

መሀል ከተማ የቀራችሁ ግን እድሉ በእጃችሁ ነው። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ተከፍቶ አራት ኪሎ ተቀምጧል። ቻርጅና ዋይፋይ ፍለጋ የምትገቡ እንዳላችሁ ይነግሩኛል። ይሁን፣ ግን እግረ መንገዳችሁን የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ «ስለዚህ ነገር ምን አለ?» በሏቸው። ለዚህ ነው የተቀመጡት። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን ያላየ የባዮሎጂ ተማሪ ግን ይገርመኛል፤ ከትምህርት ቤቱ በእግር የሚደርስ!

አሁን ወደ ክበብ ልምጣ። ወላጆች ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። እኔ ቀጣሪ ሆኜ ብጠየቅ በመጀመሪያ የምጠይቀው ስለሱ ነው። ሚኒ ሚዲያን፣ የትምህርት ቤቱን የድምፅ ማጉያ ዜና ክበብ፣ እንኳ ብትወስዱ፣ ዜና ትጽፋላችሁ፣ መምህሩ ግማሹን ይሰርዝባችኋል፣ እረፍት ላይ ሳምቡሳ የሚበላና የሚጯጯህ ግቢ ፊት ታነባላችሁ። ማንም አይሰማችሁም። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ልጅ ዞር ይላል። ሰው የሚሰማው ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር እንደሆነ የምትማሩት ያን ጊዜ ነው። መሐንዲስ ደግሞ የዕለት ሥራው ይኸው ነው፤ ፕላኑን ለፎርማኑ፣ ወጪውን ለባለቤቱ፣ ጥፋቱን ለተቆጣጣሪው ማስረዳት። ዩኒቨርሲቲ ይህን አያስተምርም። (ሚኒ ሚዲያችሁ ሙዚቃ ብቻ የሚያስጮህ ከሆነ ግን ውስጡ ግቡና ቀይሩት።) ቀይ መስቀል ክበብም አለ። የመጀመሪያ እርዳታ የሚያውቅ ወጣት ያለበት ሳይት ከሌለበት ይሻላል፤ ሰው ከመወጣጫ ሲወድቅ አይቻለሁ።

የክበብ ማስታወቂያ የሚለጠፈው ብዙውን ጊዜ ትምህርት እንደተጀመረ ሰሞን ነው፤ ወዲያው ይነሣል። ካመለጣችሁ «ዘንድሮ አልፏል» ብላችሁ አትቀመጡ። ተጠሪ መምህሩን መምህራን ክፍል ድረስ ሄዳችሁ ፈልጉት። «ሞልቷል» ካለ፣ ሰው መቼ እንደሚቀንስ ጠይቁት። ፈተና ሲቃረብ ሁልጊዜ ይቀንሳል።